በቤትሽ ምን አለሽ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር ነው። በአባላት ጥያቄ በጽሑፍ ቀርቧል።)



ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ «በመከራ ጊዜ ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናገኘው ማጽናኛ» የሚል ነው። መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። አንደኛ ነገር ሰባኪ አይደለሁም፤ በቡድናችን ገንዘብ ሰብሳቢ ነኝ፤ የለመድኩት ደብተርና ካልኩሌተር ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን በዚሁ ርእስ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ነው። ኋላ ሳስበው፣ ጥፋቴን ተናግሬ ብጀምር ይሻላል አልኩ። ሙስሊም እኅቶቻችን፣ ዛሬ ከእኔ መጽሐፍ ስለምናገር ታገሡኝ፤ ጉዳዩ ግን የሁላችንም ነው።

በቡድናችን አንዲት እኅት አለች። ስሟን አልጠራም። ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች፤ እንዲያውም «የረሳሽው ካለ አስታውስሻለሁ» ብላኛለች። ከማኅበሩ ተበድራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች፤ እንጀራ እየጋገረች ለጎረቤትና ለሁለት ሱቆች ታስረክብ ነበር። ብድሯን በየወሩ ሳታዛንፍ ስትከፍል ቆይታ ሰፈራቸው ለልማት ተነሣ። ከልጆቿ ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄደች። ዕቃ በመኪና ይጫናል፤ ደንበኛ ግን አይጫንም። በአዲሱ ቤት ቆጣሪ ገና አልገባም። ከጎረቤት በተቀጠለው መስመር አምፖል ይበራል እንጂ ምጣድ አይሞቅም። አንድ ወር ሳትከፍል ቀረች። በሁለተኛው ወር ከስብሰባም ቀረች። በሦስተኛው እኔ ደወልኩላት።

ያልኳትን በደንብ አስታውሳለሁ። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ስለ አንቺ መልካም ያስባል፤ ኤርምያስ 29 ቁጥር 11ን አንብቢው» አልኳት። ከዚያ ትንፋሽ ሳልወስድ የሦስት ወር ቅጣቷ ስንት እንደ ደረሰ ነገርኳት። «አሜን» አለችና ስልኩ ተዘጋ። እኔም ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት በቡድኑ ስብሰባ ላይ ስለ እሷ ተነጋገርን። «ምጣዱ ይሸጥና ዕዳው ይዘጋ» የሚል ሐሳብ መጣ። ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ፣ መካድ አልችልም። ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር አደረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ አካባቢ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ምጣዱ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቡና ላፍላልሽ አለችኝ፤ ቡና እንደሌላት ያወቅሁት ልጇን ወደ ጎረቤት ስትልክ ነው። ቁጭ ካልን በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «የደወልሽ ዕለት ልጄ ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደው ምሳ አልነበረኝም። ጥቅሱን ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ። ጥቅሱንና ቅጣቱን በአንድ ትንፋሽ ስትነግሪኝ ግን፣ እግዚአብሔርም ከእናንተ ጋር ሆኖ ዕዳ የሚጠይቀኝ መሰለኝ።»

የመልስ ጉዞው ሁለት አውቶቡስ ነው። መንገዱን ሙሉ ያ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣም። መጽሐፉን እንደ አዲስ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ያነበብኩት ለእሷ የላክኋትን ያንኑ ምዕራፍ ነው። ኤርምያስ 29 ቁጥር 11 በየታክሲው መስተዋት፣ በየቤቱ ግድግዳ፣ በየስልኩ ላይ አለ። ብቻውን ሲነበብ ነገ ጠዋት ነገሩ ሁሉ የሚስተካከል ይመስላል። ምዕራፉ ግን ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ሆኖ፣ ቤታቸውን ትተው ወደ ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች የላከው ነው። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ነቢይ «ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ትመለሳላችሁ» እያለ ሕዝቡን ያስደስት ነበር። ኤርምያስ ውሸት ነው አለው። በደብዳቤውም ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩበትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። እኛ የምንወደው ቁጥር 11 ከመድረሱ በፊት በቁጥር 10 ላይ የተጻፈው ዘመን 70 ዓመት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ደብዳቤው ሲነበብ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩም። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ግን ረጅም ነው፤ እስኪደርስም ድረስ የሚበላ አትክልት መተከል አለበት። እኔ ለእኅታችን የላክኋት ተስፋውን ብቻ ቆርጬ ነው፤ አትክልቱን ትቼ። ሳላውቀው የሐናንያን ስብከት በኤርምያስ አፍ ሰበክኋት።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ የተጨነቀን ሰው እንዴት እንደሚያጽናና ለማየት ስል ብዙ ቦታ አነበብኩ። ከጠበቅሁት ይለያል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። «አንተ ነቢይ ሆነህ እንዴት እንዲህ ትላለህ» አላለውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ቀሰቀሰውና ደግሞ አበላው። እግዚአብሔር በኮሬብ ያነጋገረው ከዚያ በኋላ፣ ጠግቦና ተኝቶ፣ 40 ቀን ከተጓዘ በኋላ ነው። እናንተ ጋጋሪዎች ይህን ምዕራፍ ልትወዱት ይገባል፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ነው።

ኑኃሚንን ደግሞ ተመልከቱ። ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሞዓብ ምድር ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ፣ ሴቶቹ ወጥተው «ይህች ኑኃሚን ናት?» አሉ። እሷም በዚህ ስም አትጥሩኝ፣ መራራ በሉኝ፤ ሞልቼ ሄጄ ባዶ ተመለስኩ አለች። ይህን ስትል ሩት ከጎኗ ቆማለች! ሀገሯን፣ እናቷን ትታ የተከተለቻት ምራቷ አጠገቧ ቆማ ሳለ ባዶ ነኝ ማለቷ ነው። እኔ ብሆን ይከፋኝ ነበር። «እኔስ? እኔ ምንም ነኝ?» እል ነበር። ሩት ግን አንድ ቃል አልመለሰችም። የገብስ አጨዳ መጀመሪያ ነበርና ቃርሚያ ልትለቅም ወጣች። ማታ እህል ይዛ ገባች። የኑኃሚን ምሬት ያን ዕለት ማታ ሲለዝብ ይታያል፤ ከዚያ በፊት ማንም ምሬትሽ ኃጢአት ነው አላላትም።

ዳዊት የምትደግሙ እናቶች ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ 87ኛው፣ በሌሎች እትሞች 88ኛው የሆነው መዝሙር እንደ ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና አይዞርም። ጨለማ ላይ ያበቃል። ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ ያወጣው ግን የለም፤ ሲደገም ኖሯል። አያቴ ፊደል ባትቆጥርም ሰው ሲያነብላት ትሰማ ነበር፤ እንዲህ ያለው ላይ ሲደርሱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ትወስዳለች። ልጅ ሆኜ ለምን እንደምታለቅስ አይገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ የሚያለቅስላት ሰው ያገኘችው እዚያ ላይ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን የማናውቅ ሆነን አይደለም። ለቅሶ ቤት ስንሄድ አንሰብክም። ንፍሮ ይዘን ሄደን፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብለን፣ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ዕድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያመጣል፣ ሴቶቹ ወጥ ይሠራሉ። ሐዘንተኛዋን ምን ያስፈልግሻል ብሎ የሚያስጨንቃት የለም። ለሞት ይህን ሁሉ እናውቃለን። ለዕዳ ግን ድንኳን የለንም። ዕዳ የያዛት ሴት ዘንድ ማንም ንፍሮ ይዞ አይሄድም፤ ስልክ ነው የሚደወልላት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ላይ ሰባት ቁጥር ብቻ የሆነች ታሪክ አለች። ማኅበራችን ብትታተም ኖሮ የምትታተመው በዚህች ገጽ ላይ ይመስለኛል። ከነቢያት ልጆች የአንዱ ሚስት ባሏ ሞተባት። ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ባሌ እግዚአብሔርን የሚፈራ እንደ ነበር አንተ ታውቃለህ፤ አበዳሪው ግን ሁለቱን ልጆቼን ለባርነት ሊወስድ መጥቷል አለችው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ይህች ሴት የደኸየችው እምነት ስላነሳት አይደለም። ቤቱ የጸሎት ቤት ነበር፤ ዕዳውም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። «እምነትሽ ቢበረታ ኖሮ» እያልን በሰው ቁስል ላይ ጨው የምንነሰንስ ሰዎች ይህችን ቁጥር አላነበብንም ማለት ነው።

ኤልሳዕ የመለሰላት በጥያቄ ነው፦ ምን ላድርግልሽ? በቤትሽ ምን አለሽ? ሴትየዋ ምንም የለኝም አለች፤ ከዚያ ትዝ አላት፣ አንዲት ማሰሮ ዘይት አለችኝ አለች። ይህችን «ምንም» እኔ በየስብሰባው እሰማታለሁ። አዲስ አባል ስንመዘግብ «ሙያ?» ስንላት «ምንም» ትላለች። ቆይቶ ድልህ የምትሠራ፣ ስፌት የምትሰፋ፣ ጠላዋ በሰፈር የተመሰገነ ሆና እናገኛታለን። ምንም የለኝም ያለችው ውሸቷን አይደለም። ሰው ሲጨነቅ የራሱ ማሰሮ አይታየውም፤ ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።

ከዚያ ምን አላት? ከጎረቤቶችሽ ሁሉ ባዶ ዕቃ ተዋሺ፣ ጥቂትም አይሁን አላት። ልብ በሉ፤ ጎረቤቶቹ ዘይት አልሰጡም። ምናልባት እነሱም አልነበራቸውም። የሰጡት ባዶ ዕቃ ነው። ባዶ ዕቃ ደግሞ ከመካከላችን የሌላት የለችም። በሯን ዘግታ ልጆቿ እያቀረቡ እሷ ቀዳች። የመጨረሻው ዕቃ ሲሞላ ሌላ አምጣልኝ አለችው ልጇን፤ ሌላ የለም አላት፤ ዘይቱም ቆመ። ዘይቱ የቆመው ማሰሮው ነጥፎ ሳይሆን ዕቃ አልቆ ነው። አንድ ጎረቤት ተጨማሪ እንስራ አውሷት ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

በሩን ዝጊ ማለቱም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ያ ተአምር ተመልካች አልነበረውም። ድህነቷም ሆነ በረከቷ ለሰው ማሳያ አልሆነም። ደጋፊዎቻችን ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን የምለው ለራሳችንም ነው። ለሪፖርት ብለን የአባላትን ጓዳ ፎቶግራፍ የምናነሣበት ጊዜ አለ። አንዳንዷ ፈቅዳ ትነሣለች፤ አንዳንዷ ደግሞ እንቢ ብል ብድሩ ይቀርብኛል ብላ ፈርታ ትነሣለች። ሁለቱን ለይተን ማወቅ አለብን። መበለቲቱ በሯን ዘግታ ቀድታ፣ ሲያልቅ እሷው ራሷ ሄዳ ነገረችው። የምትናገርበትን ጊዜ የመረጠችው እሷ ናት።

በመጨረሻ ኤልሳዕ ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈይ፣ በተረፈውም አንቺና ልጆችሽ ኑሩ አላት። ዕዳው ይቅር አልተባለም፤ ተከፈለ። ይህን የምለው ነገሬ በስሕተት እንዳይተረጎም ነው። ሣጥናችን ውስጥ ያለው ገንዘብ የማንም አይደለም፣ ጉልት ቁጭ ብለን፣ ልብስ አጥበን ያጠራቀምነው የእኛው ቁጠባ ነው። ብድር ይከፈላል። ጥያቄው ሴትየዋ ከምን ላይ ትክፈል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ምጣዱን የመሸጥ ሐሳብ የወደቀው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 6 ላይ ወፍጮንም መጅንም ለብድር መያዣ መውሰድ ይከለክላል፤ ምክንያቱም የሰውየውን ነፍስ መያዣ እንደ መውሰድ ነው። ይህን ቁጥር ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። ወፍጮ ለዚያ ዘመን ቤት ምን እንደ ነበረ ለእኛ ምጣድ ያው ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ አበዳሪው መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ወደ ተበዳሪው ቤት ሰተት ብሎ አይግባ፣ ውጭ ይቁም፣ መያዣውን ሰውየው ራሱ ያውጣለት ይላል። ማጽናኛ ስፈልግ ያገኘሁት ተግሣጽ ነው። ለእኔ የመጣ ተግሣጽ ግን ለእሷ ማጽናኛ ሆነ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቤን ማንሣቴን ተናገርኩና ሦስት ሆነን ሄድን። ጥቅስ አልያዝንም፤ ቡናና ስኳር ይዘን ነበር። መጀመሪያ እሷ አለቀሰች፣ እኛም ዝም ብለን ሰማን። ከዚያ ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠው እትዬ «በይ ልጄ፣ በቤትሽ ምን አለሽ?» አለቻት። «ምንም» አለች። እኛም ወደ ግድግዳው ዞረን አየን፤ ምጣዱ አለ። እጇም አለ፤ እንጀራዋ ዓይኑ የሚያምር ነው፣ እዚህ ያላችሁ ትመሰክራላችሁ። የጠፋው መብራትና ገበያ ነው። አንዷ አባላችን በቀድሞው ሰፈር አጠገብ ቆጣሪ ያለው ማድ ቤት አላት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ባዶ ይውላል። ሌላዋ ምግብ ቤት የሚሠራ ወንድም አላት፤ እንጀራ ከሩቅ ነበር የሚያስመጣው። ምጣዱ ወደ ማድ ቤቱ ተወሰደ። ሊጥ የሚቦካበት ዕቃ ስለሌላት ከየቤታችን ባልዲና በርሜል ሰበሰብን። በርሜሎቹን ደርድረን ስናያቸው እትዬ ሳቀች፤ እኛም የሳቀችበት ወዲያው ገባን።

ተአምር ሆነ ብዬ አልነግራችሁም። የትራንስፖርቱ ወጪ ከባድ ነው፤ ጤፍም ሲወደድ ትርፉ ይሳሳል። ከነጋ በፊት ተነሥታ ሁለት አውቶቡስ ትይዛለች። ሁለት ክፍያ ይቀራታል። በአዲሱ ሰፈሯ ቆጣሪ ሲገባ እዚያው ደንበኛ ለማፍራት ከአሁኑ ጎረቤቶቿን እያስቀመሰች ነው፤ ይህኛው ነው እንግዲህ የኤርምያስ አትክልት። ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የሌሎቹን ብድር ስትመረምር ነበር፤ እኔን ጨምሮ።

ጊዜዬ እያለቀ መሆኑን ጸሐፊያችን በእጃቸው እያሳዩኝ ነው። ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ እንዲገባ ለጉባኤው የማቀርበውን ሐሳብ ልናገርና ልውረድ። አንዲት አባል ሁለት ወር ሳትከፍል ስትቀር፣ ቅጣት መቆጠር ከመጀመሩ በፊት ከቡድኗ ሁለት ሴቶች ቤቷ ይሂዱ፤ አንዷ ገንዘብ ሰብሳቢዋ አትሁን። የሄዱት ሴቶች ስላዩት ጓዳ በስብሰባ ላይ አይናገሩ፤ የሚናገሩት እሷ የፈቀደችውን ብቻ ይሁን። ምጣድ፣ የስፌት መኪና፣ ወፍጮ፣ አባሏ እንጀራዋን የምታገኝበት ማንኛውም ዕቃ በብድር ምክንያት አይወሰድ፣ አይሸጥም። የሚሄዱት ሴቶች የአውቶቡስ ገንዘብ ከማኅበሩ ይሸፈን፤ ቡናና ስኳሩን ግን ከየቤታችን ብናደርገው ደስ ይለኛል።

ሐሳቡን የምትደግፉ እጃችሁን ስታወጡ ጸሐፊያችን በቃለ ጉባኤ ይያዙልኝ። የማትደግፉም ተናገሩ፤ ለመስማት ነው የተቀመጥነው።